ወፎች የሚሰበሰቡት ለማን ነው?



የዛሬው ወጋችን ስለ ገድ ነው። ወፎች ከወትሮው በተለየ ብዛት፣ በማይታዩበት ቦታ ወይም በማይበሩበት ሰዓት ሲሰበሰቡ ነገሩ ምልክት ነው ወይስ እንዲሁ የገጠመ? ከመካከላችሁ «አሞራ ያለ ነገር አያንዣብብም» ብሎ ገና ከቤቱ ሳይወጣ የቆረጠ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «በዚህ ዘመን ደግሞ ስለ ወፍ ገድ ይወራል እንዴ?» ብሎ ወንበሩ ላይ የሚቁነጠነጥም አይጠፋም። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም፤ ምሽቱንም የማሳልፈው ከሁለቱም ጋር በመሟገት ነው።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል። ወፍ በከንቱ አይሰበሰብም። መሰብሰቡ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የአንድ ነገር ምልክት ነው። ምልክቱ ግን የሚናገረው ወፎቹ ራሳቸው ስለሚያውቁት ነገር ነው፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ብርሃን፣ አንዳንዴም ስለ መርዝና ስለ በሽታ። ስለ ልጅዎ ሠርግ ወይም ስለ መንግሥት መገልበጥ ወፎቹ የሰሙት ነገር የለም።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። ሰዓቱን ግን በእኛው፤ ሌሊት ሌሊት የሚመስለው በእኛ ሰዓት ሲነገር ነውና።

ከሩቅ አገር ልጀምር። ኦገስት 18 ቀን 1961 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ካፒቶላ በምትባል ትንሽ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ሰዎች ጣሪያቸውን በሚደበድብ ነገር ከእንቅልፋቸው ነቁ። ምንድን ነው ብለው የእጅ ባትሪ ይዘው የወጡት ሰዎች ወፎቹ ወደ ብርሃኑ እየበረሩ ሲመጡባቸው ተመልሰው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ሲነጋ መንገዱ፣ አጥሩ፣ የቤቱ ደጃፍ ሁሉ ኑሯቸው ባሕር ላይ በሆነ ጥቁር ቡናማ ወፎች ተሸፍኗል። ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ክንፉን እየጎተተ ይንፏቀቃል። የበሉትን ትናንሽ ዓሣ ሁሉ ስላስመለሱት ከተማው በዓሣ ሽታ ታፍኗል። በአካባቢው ቤት የነበረው የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ ወሬውን ሲሰማ የአካባቢውን ጋዜጣ አስልኮ አነበበው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዳፍኒ ዱ ሞሪየር የ1952 አጭር ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ፣ ወፎች በሰው ላይ የሚዘምቱበትን ፊልሙን አወጣ። በፊልሙ ውስጥ ወፎቹ ለምን እንደተነሡ እስከ መጨረሻው አይነገርም። ፊልሙን የሚያስፈራው ያ ዝምታ ነው።

ያኔ የተሰጠው ምላሽ ቀላል ነበር፤ ጭጋግ ነው ተባለ። ጭጋጉ መንገድ አሳታቸው፣ የከተማው መብራት ሳባቸው፣ በቃ። አሁን እንግዲህ ልብ በሉ። «ጭጋግ ነው» የሚለው መልስ ሐሰት አልነበረም፤ በዚያ ሌሊት ጭጋግ ነበረ፣ መብራትም ነበረ። ይሁንና በዚያ ዳርቻ ጭጋግ የዘወትር እንግዳ ነው። በየጭጋጉ ወፍ ከሰማይ የማይወርድ ከሆነ፣ ለምን በዚያ ሌሊት? ይህን ጥያቄ ወደ ጎን ያለ ሰው፣ ራሱን ሳይንሳዊ ብሎ ቢጠራም፣ ከባለ ገዱ የተሻለ ነገር አላደረገም።

መልሱ መታየት የጀመረው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በ1991 በዚያው በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ፔሊካኖችና ሌሎች ዓሣ በል ወፎች እየተንገዳገዱ ሲሞቱ ሆዳቸው ተመረመረ። የተገኘው ዶሞይክ አሲድ የሚባል፣ አንጎልን የሚያጠቃ መርዝ ነበር። መርዙን የሚያመነጩት ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ትናንሽ ዓሣዎች እነዚያን ይበላሉ፤ ዓሣዎቹ ራሳቸው ሳይጎዱ መርዙን በሆዳቸው ያጠራቅማሉ፤ ወፎች ዓሣዎቹን ይበላሉ። ከዚያም የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሲቤል ባርጉና ባልደረቦቻቸው ወደ 1961 ተመለሱ። በዚያ በጋ ከዚያው ባሕር የተቀዳ የደቂቃን እንስሳት ናሙና በቤተ ሙከራ ተቀምጦ ቆይቶ ነበር። የእንስሳቱን ሆድ ዕቃ ሲያዩት፣ ከበሉት ደቂቅ ዕፅዋት ውስጥ 79 በመቶው ያው መርዘኛው ወገን ሆኖ ተገኘ።

የካፒቶላ ወፎች እንግዲህ ምልክት ነበሩ። የባሕሩን መመረዝ ይናገሩ ነበር። ነገሩ ለሰውም የማይተርፍ አልነበረም፤ በ1987 በካናዳ ልዑል ኤድዋርድ ደሴት አካባቢ በዚሁ መርዝ የተበከሉ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳትን የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመው፣ የሞቱም ነበሩ፣ የማስታወስ ኃይላቸውን ያጡም ነበሩ። ካፒቶላ ውስጥ ያን ጠዋት «የዓለም መጨረሻ ነው» ያለ ሰው ቢኖር፣ «ጭጋግ ነው» ያለም ሰው ቢኖር፣ ሁለቱም ከሰዓት በኋላ ከዚያው ባሕር የወጣ ምሳ ለመብላት የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም።

የወፍ ገድ የመንግሥት ሥራ የነበረበት አገር ቢፈለግ ጥንታዊቷ ሮም ትገኛለች። ኦጉር የሚባሉ ሹማምንት ነበሯት፤ ሥራቸው የወፎችን በረራ አይቶ አማልክቱ ለአንድ ነገር ፈቅደው እንደሆነ መናገር ነበር። አፈ ታሪኩም የከተማይቱን መሠረት የሚጀምረው በወፍ ነው። ሮሙሉስና ሬሙስ ማን ይንገሥ ብለው ሰማይ ሲያዩ ለሬሙስ ስድስት ጥንብ አንሳዎች ቀድመው ታዩት፤ ለሮሙሉስ ዘግይተው 12 ታዩት። አንዱ «እኔ ቀድሜያለሁ» አለ፣ ሌላው «እኔ በልጫለሁ» አለ። ወፎቹ ለክርክሩ መፍትሔ አልሰጡም፤ መፍትሔውን የሰጠው ወንድም በወንድሙ ላይ ያነሣው እጅ ነው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህን ታሪክ ትውልድ ለትውልድ ሲተርኩት የኖሩት ራሳቸው ሮማውያን መሆናቸው ነው።

ከዚያ ደግሞ የዶሮዎቹ ታሪክ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ249 ፑብሊየስ ክላውዲየስ ፑልከር የተባለው የባሕር ጦር አዛዥ ከካርቴጅ መርከቦች ጋር ከመግጠሙ በፊት፣ በልማዱ መሠረት ለተቀደሱት ዶሮዎች ጥሬ ተበተነላቸው። ዶሮ ከበላ ድል ነው፣ ካልበላ መከራ ነው። ዶሮዎቹ አልበሉም። አዛዡ ተናድዶ፣ ካልበሉ ይጠጡ በሚል ስሜት፣ ወደ ባሕር አስወረወራቸው ይባላል። በዚያም ውጊያ አብዛኛውን መርከብ አጣ። ሮም ይህን ታሪክ ለዘመናት አልረሳችም። ዶሮዎቹ በልተው ውጊያው የተሸነፈበትን ጊዜ ግን ማን ቆጥሮ ያውቃል? ራሱ ኦጉር የነበረው ሲሴሮ ስለ ንግርት በጻፈው መጽሐፍ ላይ ነገሩን ገልጦታል፤ በጎጆ ተዘግቶ የተራበ ዶሮ ጥሬ ሲያይ መስገብገቡ ግድ ነው፤ ታዲያ እዚህ ውስጥ የአማልክት ፈቃድ የቱ ጋ ነው ይላል።

በዚያችው ሮም ሰማይ ላይ ዛሬም ወፎች ይሰበሰባሉ። በክረምት ስታርሊንግ የሚባሉ ወፎች በመቶ ሺሆች እየሆኑ ማታ ማታ ወደ ከተማዋ ይገባሉ፤ ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ይሞቃቸዋል። ከማደራቸው በፊት በአየር ላይ አንድ ጊዜ እየጠበቡ፣ አንድ ጊዜ እየሰፉ፣ መልሰው እየተገለበጡ የሚሠሩት ነገር ያየውን ሁሉ ያፈዛል። ኦጉር ቢያየው ስንት መጽሐፍ ይጽፍበት ነበር! በእሱ ፈንታ የፊዚክስ ሊቃውንት በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ካሜራ ተከሉ። ከመካከላቸው ጆርጆ ፓሪዚ የተባሉት ሊቅ በ2021 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። በ2008 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዷ ወፍ የምትከታተለው ቅርቧ ያሉትን ስድስት ወይም ሰባት ወፎች ብቻ ነው። መሪ የለም፣ አዛዥ የለም። ሰባት ጎረቤት ማየት ብቻ ነው፤ ከዚህም ያ ሁሉ ትርኢት ይወጣል። ጭልፊት ስትመጣ አንዲቷ የደነገጠችው ድንጋጤ በቅጽበት ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል። ስለዚህ ያን ጉባኤ የሚያነብ አለ፤ አንባቢዎቹ ወፎቹ ናቸው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በእኛ ዘንድ ገድ ለማየት ሹመት አላስፈለገም፤ መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ የወፏ ድምፅ በቀኝ ነው በግራ እያለ የሚሄድበት፣ አዳኝ የወፍ አመጣጥ አይቶ ከመንገድ የሚመለስበት ዘመን ብዙም የራቀ አይደለም። ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ዛሬም ከተማ ውስጥ እንኳ የሚያማትብ አለ። ይሁንና በዚያው ሕዝብ ዘንድ ሌላ ዓይነት የወፍ ንባብም አለ፤ ስለሱ ብዙ ሲወራ ስለማይሰማ ይቆጨኛል። ገጠር ያደገ ሰው ቁጥቋጦ ላይ የተለያየ ዓይነት ወፍ ተሰብስቦ ሲንጫጫ ከሰማ እጁን አይሰድም። እባብ አለ ማለት ነው። ወፎቹ ተባብረው ጠላታቸውን እያጋለጡ፣ እየሰደቡና እያስቸገሩ ነው። በዚህ ውስጥ ገድም አጋጣሚም የለም፤ ማስረጃ ነው፤ ሕፃን ልጅም ያነበዋል።

የመስቀል ወፍም እንዲሁ ናት። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች እንደየአገሩ ይለያያሉ። ከሚጠሩት መካከል ግን ወንዱ በክረምት ጥቁርና ቀይ ወይም ጥቁርና ቢጫ የሚለብስ አለ። ያ ልብስ የሠርግ ልብሱ ነው። ዝናብ መጥቶ ሣሩ ሲያድግ፣ ለጎጆ የሚሆን ሣርና ለጫጩት የሚሆን ምግብ ሲገኝ ይለብሰዋል፤ ወቅቱ ሲያልፍ አውልቆ ድንቢጥ መሳይ ቡናማ ይሆናል። እኛ ሄደች እንላለን፤ እሷ ግን ማሳችን ውስጥ አለች። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል እያልን የምናማው ሰው ምናልባት እንደሷ አጠገባችን ነበር፤ ልብሱን ስለቀየረ ብቻ አላወቅነውም ይሆናል። ይህ ግን የዛሬው ጉዳያችን አይደለም።

ዋናው ጉዳያችን ግሪሳ ነው። አፍሪካ ውስጥ የወፍ ጉባኤ ቢባል ከግሪሳ የሚበልጥ የለም። ምንቃሯ ቀይ የሆነች፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ ስትሰበሰብ ግን በሚሊዮን ናት። አንዷ በቀን 10 ግራም ያህል ጥሬ ትበላለች። ለአንድ ግራር ጫካ አንድ ሚሊዮን ወፍ ብታስቡ፣ በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። ዋናው ምግቧ የዱር ሣር ፍሬ መሆኑ እንጂ ባይሆን ኖሮ በቆላው ማሽላና ስንዴ የሚባል ነገር አይተርፍም ነበር። በስምጥ ሸለቆ፣ በአዋሽ ዳርና በደቡብ ቆላዎች ያለ ገበሬ ማሽላው ወተት ሲይዝ ማማ ሠርቶ፣ ልጆቹን ወንጭፍና ጅራፍ አስይዞ፣ ቆርቆሮ እያስደበደበ ከንጋት እስከ ማታ የሚጠብቀው ይህችን ነው። ሲብስ አውሮፕላን መጥቶ ማደሪያቸው ላይ መድኃኒት ይረጫል። የተመረዘውን ግሪሳ ለመብላት የሚሰበሰቡት አሞሮችም አብረው ያልቃሉ።

ታዲያ ግሪሳ ድንገት ከየት ትመጣለች? አምና ያልነበረች ዘንድሮ ሰማዩን ስትሸፍነው መዓት ናት ማለት ይቀላል፤ ብዙዎችም ብለዋል። ፒተር ዋርድ የተባሉ ተመራማሪ በ1971 ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ነገር ከመዓቱ ይልቅ ያስደንቀኛል። ግሪሳ በበጋ የምትኖረው መሬት ላይ በወደቀ የደረቀ የሣር ፍሬ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያ ፍሬ ሁሉ ይበቅላል። ለከብት ጥጋብ ይዞ የሚመጣው ወቅት ለእሷ ረሀብ ነው። ስለዚህ ስብ ታጠራቅምና ዝናቡን ተሻግራ፣ ከሳምንታት በፊት ዘንቦበት ሣሩ አዲስ ፍሬ ወዳፈራበት አገር ትበራለች። ከዚያም ዝናቡ በሄደበት መንገድ ተከትላ እየወለደች ትመለሳለች። እንግዲህ ማማው ላይ ያለው ልጅ የሚያየው ደመና የሚያህል መንጋ ሌላ አገር ከሳምንታት በፊት ስለጣለ ዝናብ የመጣ ወሬ ነው። ሜትሮሎጂ ጣቢያ በሌለበት ቆላ ይህ ትልቅ ወሬ ነው።

ዋርድ በዚህ አላበቁም። በ1973 ከአሞጽ ዛሃቪ ጋር ሆነው አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረቡ፦ ወፎች በብዛት ተሰብስበው የሚያድሩት ወሬ ለመለዋወጥ ነው አሉ። ትላንት ጠግቦ የገባውና ተርቦ የገባው አብረው ያድራሉ፤ ጠዋት የጠገበው ወደሚያውቀው ቦታ ቀጥ ብሎ ሲነሣ የተራበው ይከተለዋል። ሐሳቡ ለሁሉም ወፍ ይሠራል ወይ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይነታረካሉ። ለአንዳንዱ ከጠላት መጠበቂያ፣ ለአንዳንዱ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ስለ ጥንብ አንሳ ግን ብዙ ክርክር የለም። አንዱ ጥንብ አይቶ ቁልቁል ሲወርድ ከሱ ራቅ ብሎ የሚያንዣብበው ያየዋል፤ ያንን ደግሞ ሌላው። ሰዓት ሳይሞላ ከየአድማሱ ይሰበሰባሉ። አሞራ የሚያንዣብበው ሰው ሊሞት ነው ብሎ ሳይሆን፣ ጓደኛው ሲያንዣብብ አይቶ ነው። የጥንት ጦር ሲንቀሳቀስ አሞራ ይከተለው ነበር የሚባለውም እንግዲህ አይገርምም፤ ጦር ባለበት የሚታረድ ከብት አለ፣ የሚወድቅ አጋሰስ አለ።

ሠርግ ቤት ላይ ጭልፊት ቢዞር ሰንጋው መጣሉን አይቶ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎች ሽማግሌ መስለው ተሰብስበው ሲቆሙ ዓሣ አጥማጁ የሚጥለውን አንጀት እየጠበቁ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ንስሮችና ጭልፊቶች በብዛት ሲያልፉ ያየ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ በ1987 መጸው ባብኤል መንደብ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከየመን ወደ ጂቡቲ ሲሻገሩ ያዩት ነጣቂ ወፍ ወደ 246,000 ይጠጋል። ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ የሚበረው ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው። ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ ሁሉም ባሕሩ ወደሚጠብበት ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ ሰማይ ነው።

ምልክትን በትክክል የሚያነቡ ግን ደጎች ብቻ አይደሉም። ዝሆን ገዳይ ጥንብ አንሳ ሲዞር ጠባቂዎች መጥተው እንደሚይዙት ያውቃል። ስለዚህ ሬሳውን ይመርዛል። በ2019 በቦትስዋና በሦስት የተመረዙ ዝሆኖች ዙሪያ 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት በጊኒ ቢሳው ከ2,000 በላይ ጥንብ አንሳዎች በመርዝ አለቁ፤ ምክንያቱ ደግሞ ጭንቅላታቸው ዕድል ያመጣል የሚል እምነት ነበር። ባለ ገዱን ወገን የምሞግተው ለዚህ ነው። «ምን ይጎዳል፣ የቆየ እምነት ነው» ይሉኛል። ወፏን የዕድል ዕቃ ማድረግ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

የጉባኤው መቅረትም ምልክት ነው፤ እንዲያውም ከመሰብሰቡ ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ሕንድ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች ከየከብት ሬሳው ላይ ጠፉ፤ ከአንዱ ዝርያ ከመቶ 99 በላይ አለቀ። ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ኩላሊታቸውን እየገደለው መሆኑ የታወቀው በ2004 ነው። ሬሳው ለውሻና ለአይጥ ተረፈ፣ ውኃው ተበከለ። በ2024 የታተመ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ጥናት በዚህ ምክንያት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ወደ 500,000 የሚጠጋ ሰው ተጨማሪ እንደሞተ ገምቷል። በእኛ አገር ደግሞ የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ነገር አለ። ትልልቆቹ ነጭ ፔሊካኖች ሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር፤ ሻላ ውስጥ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለ ለጫጩቶቻቸው ምግብ የሚያመጡት ከጎረቤቱ ከአቢጃታ ነበር። አቢጃታ ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ እየተሳበ ሲሸሽ፣ ጨውነቱ ሲበረታ፣ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኑም ተበተነ። ያን ጊዜ «ወፎቹ ወዴት ሄዱ?» ብሎ የጮኸ ሰው ስለ ሐይቁ መጠየቁ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ አድማጭ እዚህ ላይ ኖኅን ሊያነሣብኝ ይችላል። እኔም አነሣዋለሁ። ኖኅ ቁራና ርግብ የላከው ስለ ልጆቹ ዕድል ሊጠይቃቸው አልነበረም። ውኃው ጎድሏል ወይ፣ የሚያርፉበት መሬት አለ ወይ ነው ነገሩ። ያም ወፍ የሚያውቀው ነገር ነው። ርግቧ የወይራ ቅጠል ይዛ ስትመጣ መልሱን አገኘ። እግዚአብሔር በወፍ ሊናገር ይችላል አይችልም የሚለው የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ እሱን ለመምህራኑ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ አጋጣሚ ወገን ዞር ልበል፤ የእነሱም እውነት አለና። በአዲስ አበባ ሰማይ ጭልፊት የማያንዣብብበት ቀን የለም። በአዲስ አበባ ሰው የማይሞትበትም ቀን የለም። ሁለቱ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቀን መግጠማቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ባይገጥሙ ነው የሚገርመው። ፐርሲ ዲያኮኒስና ፍሬደሪክ ሞስቴለር የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በ1989 እንደጻፉት፣ ሕዝቡ በዛ ካለ የማይሆን የሚመስል ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መሆኑ አይቀርም። ጉጉት ጮኻ ሰው የሞተበትን ሌሊት ለቅሶ ቤት ሁሉ ያወራዋል። ጮኻ ማንም ያልሞተበትን ሌሊት፣ ሳትጮኽም ሰው የሞተበትን ሌሊት ማን ያወራል? ነገሩን ለመፍረድ የሚያስፈልጉት ግን እነዚያ የተረሱት ሌሊቶች ናቸው።

ይህ የሰው ድካም ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1948 ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የተራቡ ርግቦችን በየሣጥኑ አስገብቶ፣ ምንም ቢያደርጉ ባያደርጉ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ምግብ እንዲመጣላቸው አደረገ። ከስምንቱ ስድስቱ የየራሳቸውን ሥርዓት አወጡ። አንዷ ትሽከረከራለች፣ አንዷ ጭንቅላቷን ወደ ጥግ ትወረውራለች፤ ምግቡ ሲመጣ ያደረጉትን ነገር ምግቡን ያመጣው መስሏቸው። ሰው በወፍ ገድ ሲያይ፣ ወፍም በሣጥኗ ውስጥ ገድ ታያለች።

የአጋጣሚ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ምስክር የቢቤ ከተማ ነው። በአሜሪካ አርካንሳ ግዛት ዲሴምበር 31 ቀን 2010 ሌሊት 5,000 ያህል ጥቋቁር ወፎች ከሰማይ ወደቁ። በዚያው ሳምንት ከየአገሩ የሞተ ወፍና የሞተ ዓሣ ዜና ጎረፈ፤ የዓለም ፍጻሜ ነው ተባለ። ያ የዜና ጎርፍ እውነትም ከንቱ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞት በየዓመቱ አለ፣ የዚያን ሳምንት ጋዜጠኛው ሁሉ ስለፈለገው ተገኘ። የቢቤ ወፎች ግን በአጋጣሚ አልወደቁም። ለአዲስ ዓመት የተተኮሰው ርችት ከማደሪያቸው አስነሣቸው፤ በጨለማ እምብዛም የማያዩ ወፎች ስለሆኑ ከቤትና ከዛፍ እየተላተሙ ሞቱ። በዓመቱ በዚያው ሌሊት፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ ያው ነገር ተደገመ።

ምልክትን በመናቅ የተከፈለውን ዋጋ ማየት የፈለገ ኒው ዮርክን ይመልከት። በ1999 በጋ ቁራዎች በከተማዋ ውስጥ ይረግፉ ነበር። በኦገስት መጨረሻ ኩዊንስ ውስጥ አረጋውያን በአንጎል ብግነት ሆስፒታል ገቡ። የጤና ባለሥልጣናቱ በሽታው የሴንት ሉዊስ የአንጎል ብግነት ነው አሉ። የብሮንክስ እንስሳት ማቆያ የበሽታ መርማሪ የነበሩት ትሬሲ ማክናማራ ግን አላመኑም። በማቆያቸው ፍላሚንጎዎችና ሌሎች ወፎች ይሞቱባቸው ነበር፤ ያ በሽታ ደግሞ ወፍ አይገድልም። ሌላው የሚጠረጠረው በሽታ ቢሆን ኖሮ ኢሙዎቹ ቀድመው በሞቱ ነበር፤ ኢሙዎቹ ግን ደኅና ናቸው። የሰውና የወፉ ሞት አንድ ነው ብለው ናሙና ይዘው በር ሲያንኳኩ በቀላሉ የሚሰማ አላገኙም። በሴፕቴምበር መጨረሻ እውነታው ወጣ። በ1937 በኡጋንዳ የተገኘው የዌስት ናይል ቫይረስ ነበር፤ ምዕራባዊው ንፍቀ ክበብ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። በዚያ ዓመት በከተማዋና በአካባቢዋ 62 ሰዎች በጽኑ ታመው ሰባት ሞቱ። ሴትየዋ ያደረጉት ነገር ሁሉ «ወፎቹ ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ሳልቋጭ ልተውላችሁ። በ2014 ኤፕሪል መጨረሻ አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ወፎች ላይ መከታተያ አስረው ነበር። ወፎቹ ከረጅም ስደት ደርሰው ማደሪያቸውን ገና ይዘዋል። ድንገት ጥለው ወጡ፤ በጥቂት ቀናት ደርሰው መልስ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር በረሩ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ቢያንስ 35 ሰው የገደለ የአውሎ ነፋስ ማዕበል በቦታው አለፈ። ሲነሡ ማዕበሉ ገና በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር፤ ሰማዩም ምንም አያሳይም። ተመራማሪዎቹ፣ ሰው የማይሰማውን፣ ከሩቅ የሚመጣ የማዕበል ጉርምርምታ ሰምተው ይሆናል ይላሉ። ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን የተመዘገቡት ወፎች አምስት ናቸው። በአምስት ወፍ እኔ አልምልም፤ አልክድምም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመሄዳችን በፊት፣ መቼም ነገ ከመካከላችሁ እንግዳ የሆነ የወፍ ጉባኤ የሚያይ ይኖራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ጠባይ፣ ብዛታቸውን በግምት፣ ምን እየበሉ ወይም ምን እያደረጉ እንደነበር ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ባዶ ቢሆንም ባዶ ነበር ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ወፍ ወይም ዶሮ አንድ ቦታ ሞቶ ካገኛችሁ ደግሞ በባዶ እጃችሁ አትንኩ፣ ልጆችና ውሾችን አርቁ፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ የወፍ ጉንፋን ወደ ሰው ይሻገራል። አሁን ማይክሮፎኑን ለእናንተ እሰጣለሁ። ከኋላ እጃቸውን ያነሡት እናት ይጀምሩልን።